ይሉኝታ የያዘው አንጎል

ባለቤቴ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው አንሶላ አጣጠፍን። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንፃ ቤዝመንት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ። ጠርዙ ዙሪያውን ላስቲክ የሆነ አንሶላ በወጉ ያጠፈ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። እኔ ሁለቱን ጫፍ ያዝኩ፣ እሱ ሁለቱን ያዘ፣ መሃል ላይ ልንገናኝ ስንል የእሱ ጫፍ አመለጠውና ላስቲኩ ፊቴን መታኝ። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ አንሶላውን ራሱ ላይ ደፋ፣ ላስቲኩን አገጩ ሥር ሰበሰበና «መነኩሲት ነኝ፤ ገዳሙ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ማድረቂያው አጠገብ ካልሲ የምታዛምድ ጎረቤታችን ቋንቋው ባይገባትም ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ፣ ከልማድ የተነሣ፣ «ሃያ ሰባት ማነው?» አልኩት።

«መድኃኔዓለም» አለ ከአንሶላው ውስጥ። «አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል። በዚህ ቤት ሰው በጤናው መሳቅ አይችልም እንዴ?»

አንሶላውን ጠቅልለን ቅርጫቱ ውስጥ ጨመርነው። ማክሰኞ ጠዋት አርሊንግተን፣ በሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ፣ ልቡ ቆመ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ፤ ስኳሩ ደህና ነበር። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት አንባቢ መጨረሻውን እየፈራ እንዳያነበኝ ነው። የምጽፈው ስለ ሳቁ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ሳምንት አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ሳምንት አንድ መስመር። የሚያዘገየኝ እንባ ብቻ አይደለም። ብዕሬን አስቀምጬ ስስቅም ብዙ ሰዓት ይሄዳል።

ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ መልሱን ካወቀ በኋላ ወሬ ማብዛት አይወድም። «ምሳው እንዴት ነው?» ስለው «ምሳ ነው» ይላል። ኢንሱሊን መውሰድ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነበር። ኢንሱሊን ስኳርን ያወርዳል፤ ምግብ ከዘገየ ደግሞ ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ድሮ ሲወርድበት ቀድሞ የሚያውቀው ራሱ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ይጎርሳል፣ በቃ። እኔ የማውቀው የከረሜላው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ነው።

ከዓመታት በኋላ ግን ላቡም ቀረ፣ መንቀጥቀጡም ቀረ። በምትካቸው በእሱ ገላ ሌላ ሰው ይመጣ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ፍሪጁ ፊት ቆሞ አገኘሁት። በሩን እየዳበሰ «በዚህ ቤት የምትሠራው አንተ ብቻ ነህ» ይለዋል። ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ቀልዶ የማያውቅ ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ሌላ ቀን ሶፋው ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አውቶቡስ ውስጥ እንደሚገናኝ እንግዳ ሰው እግሩን ሰብስቦ፣ በትሕትና ወደ እኔ ዞር አለ።

«ይቅርታ፣ ባል አለሽ?»

«አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደግ ነው። ግን አይናገርም።»

«ምንም?»

«‹ምሳ ነው› ይላል።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ከልቡ አዘነልኝ። «ፍቺው» አለ። «እኔ አጫውትሻለሁ።»

ስኳሩ መውረዱ ገብቶኝ ጁስ ሰጠሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባሌ ተመለሰ። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፣ ራሴን አመመኝ አለ፣ ጋዜጣውን አነሣ። ከተናገረው አንዲት ቃል አያስታውስም። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው፤ ያ ሰዓት ለእሱ አልነበረም።

ያ ሰው መምጣቱን የማውቅበት ዘዴ አበጀሁ። ጣት ወግቶ መለካት አለ፤ ግን ያ ሰው ጣቱን በቀላሉ አይሰጥም፣ «ጣቶቼ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። ስለዚህ የወሩን በዓላት መጠየቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ እንቅልፉ ውስጥም ሆኖ በቃሉ ይወርዳቸዋል። «ሃያ አንድ ማነው?» ስለው «ማርያም» ካለኝ ደህና ነው። «ሃያ አንድ? እሱ ዛሬ አልገባም፤ ታምሜያለሁ ብሎ ደውሏል» ካለኝ ወደ ፍሪጁ መሮጥ ነው።

መሮጥ ነው አልኩ። አልሮጥም ነበር። ይህ ገጽ ብዙ ሳምንት የፈጀብኝ ለዚህ ነው። ጁሱን እቀዳለሁ፣ ብርጭቆውን በእጄ እይዛለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር እስኪል እጠብቃለሁ። አንድ ብቻ። ከዚያ አንድ ሌላ። ሠላሳ ዓመት ዝምታ አጠገብ የኖረች ሴት የሁለት ደቂቃ ጨዋታ ስታገኝ ይጥማታል። ጉዳት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም፤ ሁልጊዜ ይመለስ ነበርና።

ከዚያ የአሌክሳንድሪያው ለቅሶ መጣ። የሞቱት በመኪና ማቆሚያው አብረውት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሁድ ነው። ከቤት ስንወጣ «ምሳ እዚያ እንቀምሳለን» ብሎ ኢንሱሊኑን ተወጋ። ድልድዩ ላይ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምን። ስንደርስ ሰው በኪራይ ወንበር ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል፤ ምግብ እየዞረ ነው። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በልቼ ነው የመጣሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ምንም አልበላም ነበር። ለቅሶ ቤት እንደገቡ ሳህን መቀበል ደግሞ ደስ አይልም፤ ሁለቴ እምቢ ይባልና በሦስተኛው ይወሰዳል። እሱም በሥርዓቱ ሁለቴ እምቢ አለ። ሦስተኛው ዙር ሳይመጣ ምግቡ ወደ ሌላው ክፍል አለፈ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳቁን ነው። ቀና ስል ባለቤቴ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የሟቹ ፎቶግራፍ ጎንበስ ብሏል።

«ይነሡ እንጂ» ይላቸዋል። «ይህን ሁሉ ሰው ጠርተው እንዲህ ይተኛሉ?»

ሟቹ ደግሞ በገዛ ድግሳቸው ላይ እንቅልፍ በመውሰድ የታወቁ ነበሩ። አንድ ሰው ከጥግ ሳቁን ማፈን አቃተውና በሳል አስመሰለው። አጠገቡ ያለውም ሳለ። የሟቹ ሚስት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብለው ሴቶቹ ከበቧቸው።

«ጠጥቶ ነው የመጣው?» አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። የብርቱካን ጁስ አገኘሁ፤ ሞልቼ ቀዳሁ። ያን ቀን አልዘገየሁም፤ እውነቱን ለመናገር ሮጥኩ። በሩ ላይ ግን የሟቹ አክስት ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው ሴት ናቸው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለባለቤቴ ነው እማማ።»

«ስኳር አለበት ሲባል አልነበረም እንዴ?»

«አዎ፤ አሁን ግን ወርዶበት ነው።»

«ታዲያ ስኳር ላለበት ሰው ይህን? ልትጨርሺው ነው?» አሉና ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱ።

«እማማ፣ ሲወርድ ጣፋጭ ነው የሚሰጠው፤ እባክዎ።»

«እኔ ራሴ ስኳር ካለብኝ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ደግሞ አንቺ አስተምሪኝ።» ወደ ውስጥ ጮክ ብለው «ስኳር የሌለው ለስላሳ አምጡለት፤ ይህቺ ልጅ ተሳስታለች» አሉ።

ተሳስታለች ተባልኩ። ከእሳቸው እጅ ብርጭቆ መንጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። ባሌ እየሰመጠብኝ ነው፤ እኔ «እባክዎ» እላለሁ። አራት ጊዜ አልኩ። ይህን ስጽፍ ራሴ ላይ እስቃለሁ።

ስኳር የሌለው ለስላሳ መጣለት። ባለቤቴ አመስግኖ ተቀበለና ጣሳውን እንደያዘ ወደ እኛ መጣ። እማማ ፊት በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ባል አለዎት?»

«ሞተብኝ ልጄ። ሃያ ዓመት ሆነው።»

«ይናገሩ ነበር?»

እማማ የት እንዳሉ ረሱ። «ኧረ እሱ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል» አሉ።

«ዕድለኛ ነዎት» አለና እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ከዚያ በቀስታ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፤ ብጠራውም አልመለሰልኝም።

አምቡላንስ መጣ። ስኳሩን በደም ሥሩ ሰጡት። ዓይኑን ሲገልጥ ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ዙሪያውን ቆሟል፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ያናፍሳል። ባለቤቴ እኔን ፈልጎ አገኘኝና በሹክሹክታ «ምግቡ ዞረ?» አለኝ።

እማማ ብርጭቆውን አልለቀቁም ነበር። «እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ» ይላሉ። አቅፌያቸው «አይደለም እማማ» አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣቸው ነበር። እኔ ግን ለመቆጣት አፍ አልነበረኝም። እሳቸው ባለማወቅ፣ እሱን ብለው አንድ ቀን ከለከሉት፤ እኔ እያወቅሁ፣ ለራሴ ብዬ ስንቱን ቀን አዘገየሁት።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ሐኪሟ የሐበሻ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ሎረል ያደገች። አማርኛዋ ማክበር አያውቅም፤ ባለቤቴን «አንተ» ትለዋለች፣ እሱም ወዶላታል።

«የአንጎል ዋና ምግቡ ስኳር ነው» አለችው። «ሲያንስበት አላርም ያደርጋል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንደዛ። ግን ቶሎ ቶሎ ሲርበው ይለምደዋል። ከዛ ስኳርህ ወርዶ በጣም ሎው ስትሆንም አላርሙ አይሠራም። ሳታውቀው ማሰብህ ይዛባል። የምትስቀው ለዛ ነው።»

ባለቤቴ ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ አሰበበት። «ይሉኝታ ይዞታል ማለት ነው» አለ።

«ይሉኝታ ምንድን ነው?»

«ርቦህ ሳለ ‹በልቼ ነው የመጣሁት› ማለት።»

ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ብላ ሳቀች። «ኤግዛክትሊ» አለች።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «የሚረሳውስ ነገር?» አልኳት። ታኮማ ፓርክ መኪናውን አቁሞ የት እንዳቆመ ሁለቴ ጠፍቶበታል። ይባስ ብሎ የማባዣ ሠንጠረዡ መሃል ላይ መቆም ጀምሯል፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲደርስ ዝም ብሎ ያየኛል። እሱ፣ ሒሳብ አስተማሪው።

«አንዳንዱ ይመለሳል» አለች። «ከባድ ሎው ሲደጋገም ግን አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። የቱ ምን እንደወሰደ ማንም መናገር አይችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሎው ሲሆን በስንት ደቂቃ ውስጥ ጁስ ትሰጪዋለሽ?»

«ወዲያው» አልኩ።

«ወዲያው ነው» አለ ባለቤቴም፣ ሊመሰክርልኝ። እሱ ምን ያውቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ለብዙ ሳምንት አንድም ጊዜ እንዳይወርድ መጠበቅ። አንጎሉ ካልተራበ ማስጠንቀቂያው ሊመለስ ይችላል አለችን። የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰች፣ ክንዱ ላይ ተለጥፎ ቁጥሩን ወደ ስልካችን የሚልክ መለኪያ አዘዘችለት፣ እስከዚያ መኪና እንዳይነዳ ከለከለችው። መለኪያው ገና ስኳሩ መውረድ ሲያስብ ይጮሃል፤ ባለቤቴም ቴምር ይጎርሳል። እኔ እየነዳሁ ሥራ አደርሰዋለሁ፣ እየነዳሁ እመልሰዋለሁ። እሱም «ቀይ ነው» ይላል፣ «አረንጓዴ ነው» ይላል። ሌላ ወሬ የለም።

ያ ሰው መምጣት አቆመ። መደሰት ነበረብኝ፤ ተደሰትኩም። ግን ሶፋው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለውን ቦታ አያለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የስኳሩን ቁጥር ስመለከት፣ ትንሽ ወረድ ቢል ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩት። ደነገጥኩ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሽንኩርት እየከተፈልኝ ሳለ፣ ነገርኩት። ጁሱን ይዤ እቆም እንደነበር፣ ለምን እቆም እንደነበር፣ ሐኪሟን እንደዋሸኋት፣ ሁሉንም።

መክተፉን አቆመ። «ስንት ደቂቃ?» አለኝ።

«ሁለት። አንዳንዴ ሦስት። አንድ ቀን አምስት።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። ሲያሰላ አየሁት፤ ዓመታቱን፣ ቀናቱን፣ ደቂቃዎቹን። ይቆጣል ብዬ ወንበሩን ይዤ ጠበቅሁ።

«የአምስቱ ቀን ምን ብዬ ነው?» አለ።

የአምስቱ ቀን በር ላይ ያለውን ጫማ ሁሉ በሁለት ረድፍ ደርድሮ ሒሳብ ሲያስተምር ነበር። የእኔን ግራ እግር ጫማ ከረድፉ አውጥቶ ግድግዳ አስታቅፎታል፤ ከቀኙ ኮርጇል ብሎ። እኔ ጁሱን ይዤ ስገባ «ወላጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» ስለው «ልጅሽ አይረባም፤ ግን ውብ ነው» አለኝ።

ይህን ስነግረው መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። የመለኪያው ቁጥር መቶ ሠላሳ ነበር፤ አልወረደበትም። ያን ሰው እሱ አንድ ቀንም አግኝቶት አያውቅም ነበር፤ ለካ ያስተዋወቅሁት ያኔ ነው። አንድ በአንድ እንድነግረው ለመነኝ፤ የፍሪጁን፣ የስብሰባውን ጣቶች።

«‹ፍቺው› አልኩሽ?»

«አልከኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ጁስ ሰጠሁት።»

የሽንኩርቱን እንባ በክንዱ ጠረገና ቆይቶ፣ በዚያ በቁጠባው ድምፅ፣ «ሁለተኛ እንዳታዘገዪ» አለኝ። «ቀልድ ሲያምርሽ ጠይቂኝ። እሞክራለሁ።»

ሞከረም። እንደ እሱ ቀልድ የሚከፋ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም፤ አብዛኛው ስለ ክፍልፋይ ነው። ይጀምርና ራሱ መልሱን ቀድሞ ይናገራል። እኔ በመጥፎነቱ ስስቅ ቀልዱ የሠራ ይመስለውና ይደግመዋል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ታኮማ ፓርክ አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰልፈን ሳለ ክንዴን ጭምቅ አደረገኝ። «እጄን እዪው» አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ነካሁት።

«ላብ ነው?» አለኝ።

«ላብ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በደንብ ነው ያላበህ።»

መለኪያው የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀደመው። ገና ያልከፈልንበትን ከረሜላ ቀዶ ጎረሰ፤ ለእኔም አጎረሰኝ። ለገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ የሚንቀጠቀጠውን እጁን እያሳየኋት ስስቅ አበድን መሰላት፤ ወንበር አመጣችልን። እዚያ ወንበር ላይ ተራ በተራ እየተቀመጥን ሳቅን። ሰርግ ቤት እንኳ እንዲያ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖረ። መኪናውን መልሶ ነዳ፤ የት እንዳቆመው በስልክ ፎቶ እናነሳ ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ግን አልተመለሰም። ሌላውን ሁሉ እስከ አሥራ ሁለት ይወርደዋል፤ እዚያች ላይ ሲደርስ እኔን ያያል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ይቀጥላል። ያቺን የወሰደው የቱ ቀን እንደሆነ አላውቅም። ለቅሶ ልትደርሰኝ ስትመጣ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። እጄን ይዛ «ያ ላይሆን ይችላል» አለችኝ። አይደለም ግን አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልለመንኳትም።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ እነዳለሁ። እዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሚስቶችና ባሎች ይሰበሰባሉ። ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል አስረዳቸዋለሁ፣ ጁሱ ሳይዘገይ መሰጠት እንዳለበት አሳያቸዋለሁ፣ እኔ ስንት ደቂቃ እንዳዘገየሁም እነግራቸዋለሁ።